ባለ 40 ሊትር ወይስ ባለ 100 ሊትር? የመጀመሪያ የኮራል ገንዳ ለሚገዙ

ኮራልና የባሕር ዓሣ በቤቱ ማኖር ያማረው ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በትንሿ ገንዳ ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፤ ዋጋዋም አያስደነግጥም። እኔም እዚህ ቨርጂኒያ በአፓርታማዬ ውስጥ በባለ 40 ሊትር ጀምሬ፣ ዓመት ሳይሞላኝ ወደ ባለ 100 ሊትር ዞርኩ። አሁን የሚጠይቀኝ ካለ ከመጀመሪያው ትልቋን ግዛ እለዋለሁ፤ ምክንያቴም ውሃው ነው።

ከገንዳ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው ወደኋላ ይቀራል። ኮራል የሚስማማው ጨዋማነት በሺህ 35 ገደማ ነው፤ ማለትም በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው። ቅዳሜና እሁድን ከቤት ርቃችሁ ከትንሿ 2 ሊትር ቢተን ጨዋማነቱ ወደ 37 ይጠጋል። ትልቋ ሰፊ ገጽ ስላላት አብዝቶ ይተንባታል፤ ሆኖም 3 ሊትር ቢጎድልባት እንኳ ከ36 ብዙም አያልፍም። እኔ ከጉዞ ስመለስ የጎደለውን ውሃ በአንድ ጊዜ ገልብጬበት ጨዋማነቱ በድንገት ወርዶ፣ የምወደው ሀመር ኮራል (አጽም ያለው የኮራል ዓይነት) ሥጋው ከአጽሙ እየተላቀቀ በሳምንት ውስጥ አለቀ። በሙቀትም እንዲሁ ነው፦ ጥቂት ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይበርዳል። መብል ቢበዛ ወይም አንድ ቀንድ አውጣ ከድንጋይ ሥር ሞቶ ቢቀር፣ የሚወጣው መርዛማ አሞኒያ በ40 ሊትር ውስጥ የሚበተንበት ቦታ የለውም።

ትንሿ የምታሸንፍበትም አለ። በየሳምንቱ አንድ አሥረኛውን ውሃ ስትቀይሩ ከእርሷ 4 ሊትር ብቻ ትቀዳላችሁ፤ ከትልቋ ግን 10 ሊትር፣ ከ350 ግራም በላይ ጨው ጋር። የትልቋ ውሃ ብቻውን ከ100 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ለእርሷ የተሠራ ጠንካራ መቆሚያ ያስፈልጋል፤ በየዓመቱ ቤት ለሚቀይር ተከራይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በየቀኑ ቤቱ የሚያድርና ያለ ዓሣ ኮራል ብቻ የሚበቃው ሰው ትንሿን ቢመርጥ አልቃወመውም። ግን የጎደለውን ውሃ በራሱ የሚሞላ መሣሪያ አብሮ ይግዛ። የሚሞላውም ጨው የሌለው ውሃ መሆኑን አይርሳ።

የቧንቧ ውሃ ለሁለቱም አይሆንም። በዋሽንግተንና በዙሪያው ውሃው ከክሎሪንና ከአሞኒያ በሚሠራው ጀርም ገዳይ፣ በክሎራሚን ይታከማል፤ ክሎራሚን ደግሞ እንደ ክሎሪን ውሃውን አሳድሮ በማዋል ብቻ አይጠፋም። በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃውን በግፊት በረቂቅ ወንፊት በሚያሳልፍ ማጣሪያ) የተጣራ ውሃ ከሱቅ መግዛት ወይም ማጣሪያውን ቤት ማስገባት ግድ ነው። ለትንሿ በጀሪካን መግዛት ያዋጣል፤ ለትልቋ ግን ጀሪካን መሸከሙ ቶሎ ያሰለቻል።

በድንጋዩ ላይ ብዙ ሰው ያመነታል፤ ማመንታቱም ተገቢ ነው። ከባሕር የመጣው ሕያው ድንጋይ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡትን ባክቴሪያዎች ይዞ ስለሚመጣ ገንዳው ቶሎ ይረጋጋል። ከባክቴሪያው ጋር ግን ያልተጠራ እንግዳም ይገባል፦ ኮራልን የሚነድፈው አይፕታዚያ የተባለ ትንሽ የባሕር አኔሞኒ፣ አንዳንዴም በሌሊት ዓሣ የሚያድነው ማንቲስ ሽሪምፕ። ደረቁ ድንጋይ ርካሽና ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ባክቴሪያው እስኪበዛ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። ቀጥሎም መስታወቱንና አሸዋውን ቡናማ አልጌ የሚሸፍንበት አስቀያሚ ጊዜ አለ። እኔ የምመርጠው አብዛኛውን ደረቅ አድርጎ፣ አንዲት ቁራጭ ሕያው ድንጋይ አገላብጦ መርምሮ መጨመርን ነው። ቡናማው አልጌ በራሱ ጊዜ ይሄዳል፤ አይፕታዚያን ግን ለማጥፋት ወራት ታግያለሁ።

ለጀማሪ የሚስማሙት አጽም የሌላቸው ለስላሳ ኮራሎች ናቸው፦ መሽሩም፣ ዞዋንቲድ፣ ዜንያ። መጠነኛ መብራት ይበቃቸዋል፤ የካልሲየም መለኪያም ወዲያው አያስገዙም። ዞዋንቲድን ስትነኩ ጓንት አድርጉ፤ ከመካከላቸው ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ ያላቸው አሉ። የተሸከማቸውን ድንጋይም በፍጹም አትቀቅሉ፤ እንፋሎቱ ሰው ሆስፒታል አስገብቷል። አክሮፖራ የሚባለው አስቸጋሪ ባለ አጽም ኮራል በመብራቱ ሥር የቱንም ያህል ቢያምር ለሁለተኛው ዓመት ይቆየን።

በዓሣው ላይ ብዙ አልልም። በትልቋ በእርባታ የተፈለፈሉ ጥንድ ክላውንፊሽ፣ በትንሿ ጎቢ የምትባል አንዲት ትንሽ ዓሣ ትበቃለች። ሰማያዊው ታንግ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚያድግ ለሁለቱም አይሆንም። ውቡ ማንዳሪን ደግሞ በደቃቅ ሕያዋን ስለሚኖር አዲስ ገንዳ ውስጥ በረሃብ ይሞታል።

አዲስ አበባ ሆነው ለሚያስቡት፣ የትልቋ ብልጫ እዚያ ይበልጥ ይታያል። መብራት በሌሊት ሲጠፋ ማሞቂያውም ፓምፑም ይቆማሉ፤ ውሃው ከ25 ዲግሪ ወርዶ ጉዳት እስኪያደርስ ግን ትልቋ ከትንሿ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ትሰጣለች። ከቅዝቃዜው የሚቀድመው የኦክስጅን እጥረት ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ስለሚያንስ፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያነሰ ነው። ስለዚህ እዚያ ከመብራቱም ከኮራሉም በፊት የሚገዛው በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ነው።