በአራት ኪሎ ለሚያስተምሩን የልብስ ስፌት አሠልጣኛችን የቀረበ ምስጋና

ልጆቼን ለቁም ነገር ካበቃሁ በኋላ የልብስ ስፌት ለመማር ወስኜ መጀመሪያ የተመዘገብኩበት ማሠልጠኛ፣ ስሙን አላነሳም፣ ሙሉ ክፍያውን አስቀድሞ ተቀብሎ ለወራት ከሰሌዳ ላይ ማስታወሻ ሲያስገለብጠን ከረመ። ማሽኖቹ ሁልጊዜ «ጥገና ላይ» ነበሩ፤ ስንጠይቅም «በዚህ ዕድሜ ምን ያስቸኩላችኋል?» እንባል ነበር። ለብቃት ምዘና (ሲኦሲ) የሚቀርብ ሰው በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በተግባርም እንደሚፈተን እየታወቀ፣ መቀስ ሳያስጨብጡ መሸኘት ከማታለል በምን ይለያል?

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚያስተምሩት የአሁኗ አሠልጣኛችን ግን በመጀመሪያው ሳምንት ደብተር እንኳ አላስወጡንም። በአካባቢው ያለ አንድ ምግብ ቤት ለአስተናጋጆቹ ሸሚዝና ሽርጥ ማሰፋት ፈልጎ ስለነበር ትእዛዙን ለእኛ ሰጡን፤ ልኬቱን፣ የጨርቁን ሒሳብ፣ መርካቶ ወርዶ መግዛቱንና ዋጋ መተመኑን እኛው እየተመካከርን እንድንወጣው አደረጉ። «ትምህርቱ መቼ ነው የሚጀመረው?» ብሎ ያጉረመረመ አልጠፋም። እሳቸውም ፈገግ ብለው ትምህርቱ ይኸው መሆኑን፣ በፕሮጀክት ማስተማርም አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ዊልያም ኪልፓትሪክ በ1918 እ.ኤ.አ. የጻፈበት የቆየ ዘዴ እንደሆነ ነገሩን። ከዚህ በላይ እንዳብራራ አትጠይቁኝ።

የማልረሳው ሌላ ነው። የምግብ ቤቱ ባለቤት የመጀመሪያውን ሸሚዝ «አስተናጋጁ ትሪ ሲያነሳ ይይዘዋል» ብለው መለሱት። አሠልጣኛችን አስተናጋጁን አስጠርተው፣ ሸሚዙን አስለብሰው፣ ትሪ አሸክመው በፊታችን አቆሙትና ችግሩ የት እንዳለ ጠየቁን። ሁላችንም ዝም ስንል፣ ማንበብ ስለማይችሉ ሁልጊዜ ከኋላ ወደሚቀመጡት ትልቅ እናት ዞረው «እናቴ፣ ለእርስዎ ምን ይታይዎታል?» አሏቸው። እናታችን ተነሥተው ጣታቸውን ብብቱ ላይ አደረጉ። አሠልጣኛችን መልሱን እያወቁት ጠመኔውን ለእሳቸው አቀበሉና ሸሚዙ ሰፋ የሚልበትን ቦታ እሳቸው እንዲያሰምሩ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ የክፍላችን ልኬት ወሳጅ እኚሁ እናት ናቸው፤ ቦታቸውም ከፊት ነው።

እጃቸው ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም ተበልታችሁ ተስፋ የቆረጣችሁ፣ በተለይ «ለመማር አርጅቻለሁ» የምትሉ እህቶችና ወንድሞች፣ እባካችሁ እሳቸው ዘንድ ሂዱ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። ስልጠናው ከሥራ ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ጠዋት ነው። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸው ማሽን ላይ ከተቀመጡ ስልክ አያነሡም።