የሰማይ ድንጋይ ምሽት በደሴ፦ ትረካው የበሰለ፣ ሙከራው የጎደለ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሚገኝ አንድ የግል ቤተ መጻሕፍት ቡናን ጨምሮ በ100 ብር የሚያዘጋጀውን የሳይንስ ምሽት ባለፈው ቅዳሜ ተካፍዬ ነበር። የዕለቱ ርእስ ከሰማይ የሚወድቁ ድንጋዮች ከየት እንደሚመጡ ሲሆን፣ አቅራቢው ዛሬ ወደሚታወቀው መልስ ከመቸኮል ይልቅ የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ለምን እንደተሳሳቱ በትዕግሥት በማስረዳታቸው የከፈልኩት ገንዘብ አልቆጨኝም።

ከሁሉ የማረከኝ የሉሴው ድንጋይ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1768 በፈረንሳይ ሉሴ በተባለች መንደር የወደቀውን ድንጋይ እንዲመረምሩ ኬሚስቱን ላቮይዚዬን ጨምሮ ሦስት የሳይንስ አካዳሚ ሊቃውንት ቢታዘዙም፣ የዓይን ምስክሮቹን ቃል ወደ ጎን ትተው ድንጋዩ ከምድር የነበረና መብረቅ የመታው ነው ብለው ደመደሙ። ይህን ጊዜ ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ታዲያ እኛ የመብረቅ ድንጋይ ስንል ያልተማረ የምንባለው ለምንድን ነው?» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላድኒ በ1794 በሳይቤሪያ የተገኘውን ግዙፍ ብረት መነሻ አድርጎ እንዲህ ያሉ አካላት ከህዋ ይመጣሉ ብሎ ሲጽፍ ብዙዎች ያልተቀበሉት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በዚያው ዓመት በጣልያን ሲየና ድንጋዮች የወረዱት በዚያው አገር ያለው እሳተ ገሞራ ቬሱቪየስ ከፈነዳ ከ18 ሰዓት ገደማ በኋላ ስለነበር፣ እሳተ ገሞራው መጠርጠሩ አይደንቅም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ ደግሞ እሳተ ገሞራውን ጨረቃ ላይ አደረገው፤ የጨረቃ ስበት ደካማ ስለሆነና አየርም ስለሌላት፣ በሰከንድ 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ የተወረወረ ድንጋይ ሊያመልጣት ይችላል። ስሌቱ ያስኬዳል፤ የሚወረውር እሳተ ገሞራ ነው የታጣው። አብዛኞቹ ድንጋዮች የሚመጡት በማርስና በጁፒተር መካከል ከሚዞሩት፣ አስትሮይድ ከተባሉት ድንጋያማ አካላት ሆኖ ሳለ፣ አቅራቢው ይህን በአምስት ደቂቃ ማለፋቸው ግን አላረካኝም።

ዋናው ቅሬታዬ ማግኔቱ ነው። ማግኔት የሚስበው ድንጋይ የሰማይ ሊሆን እንደሚችል ተነግሮን በየተራ ሞከርን። ሌላ አገር ይሠራ ይሆናል፤ የወሎ ደጋ ጥቁር ድንጋይ ግን በአብዛኛው ባዛልት ነው፣ ባዛልትም ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን ስላለበት ማግኔት በመጠኑ ይስበዋል። እንግሊዛዊው ኬሚስት ኤድዋርድ ሃዋርድ በ1802 በተለያዩ አገሮች በወደቁ ድንጋዮች ውስጥ በተራ የምድር ድንጋይ እምብዛም የማይበዛውን ኒኬል የተባለ ብረት ነክ ንጥረ ነገር ማግኘቱ ቢነሳ ኖሮ፣ የተሻለው መለያ ምን እንደሆነ ሁላችንም እንረዳ ነበር።

አዛውንቱ ከጦሳ ግርጌ ያነሱትን ድንጋይ ከመሐረባቸው ፈትተው ማግኔቱን ሲያስጠጉት በስሱ ያዘ። አቅራቢው ወደ ሌላ ጠያቂ ዞረው ነበር፤ እርሳቸውም ድንጋያቸውን መልሰው ጠቅልለው፣ ደስ ብሏቸው ወጡ።