ስልካችንን የታደገልን የኔትወርክ ባለሙያ

ይህን ጽሁፍ ሁለት ወር ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ከዚህ በፊት አንዱን ባለሙያ ቸኩዬ አመስግኜ፣ በሳምንቱ ያው ችግር ተመልሶ አፍሬያለሁ።

የቢሯችን ስልኮች በኔትወርክ የሚሠሩ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ደህና ናቸው። ከሰዓት 9 ሰዓት ገደማ ሲሆን ግን ድምፅ መቆራረጥ ይጀምራል። «ሃሎ! ይሰማል? አሁንስ?» ስንል ይመሻል። ደንበኛው ከሚናገረው ግማሹን የምንሞላው በግምት ነበር። የኢንተርኔት ፍጥነት አስጨመርን፣ ምንም። ኬብል ተቀየረ፣ ምንም። አንዱ መጥቶ፣ ስልኮቹንና ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኘውን ስዊች ነካክቶ «ስዊቹ ላይ ለድምፅ ቅድሚያ ሰጥቻለሁ» ብሎ ሄደ። እሱም ምንም።

በመጨረሻ የመጣው ልጅ ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ ጠየቀን። «ከታች ፎቅ ወደ ላይ ፎቅ ስትደዋወሉስ ይቆራረጣል?» አዎ አልነው። «ታዲያ ኢንተርኔቱ ምን አጠፋ?» አለ። እውነቱን ነው። የስልክ ማዞሪያው እዚያው ቢሮ ነው ያለው፤ የውስጥ ጥሪ ኢንተርኔት ጋር አይደርስም። ለፍጥነት ጭማሪ የከፈልነው ገንዘብ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ከዚያ ቁጭ ብሎ 9 ሰዓትን ጠበቀ። ሰዓቱ ሲደርስ ስዊቹ ላይ የየፖርቱን (የየኬብል መሰኪያውን) ቆጣሪ ከፍቶ አሳየኝ። ባክአፕ (የፋይሎቻችንን መጠባበቂያ ቅጂ) የሚወስደው ሰርቨር ሥራ ሲጀምር፣ ሁለቱን ፎቆች የሚያገናኘው የ1 ጊጋቢት መስመር ጢም ብሎ ይሞላል። አንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ 100 ኪሎቢት እንኳ አይፈጅም። ግን ድምፅ መጠበቅ አይችልም። ከዚያ ሁሉ ፋይል ኋላ ተሰልፎ ተራው ሲደርሰው ጊዜው አልፎበታል።

ያ ተሰጠ የተባለው ቅድሚያስ? በርቶ ነበር እኮ! ስልኮቹ በእያንዳንዱ የድምፅ ፓኬት (ድምፁ ተከፋፍሎ የሚላክበት ትንሽ ጥቅል) ላይ 46 የሚል ምልክት ለጥፈው ይልካሉ፤ ለድምፅ የተለመደው የዲኤስሲፒ፣ ማለትም የቅድሚያ ደረጃን የሚናገር፣ ቁጥር ነው። ስዊቹ ግን ምልክቱን እንዲያምን አልተነገረውም። ስለዚህ 46ቱን 0 እያደረገ ከተራው ጭነት ጋር ያሰልፈዋል። በዓይኔ አየሁት፦ ሲገባ 46፣ ሲወጣ 0።

ልጁ ምልክቱ በስልኮቹ ፖርቶች ላይ ብቻ እንዲታመን አደረገ። «ለምን ሁሉም ላይ አታደርገውም?» አልኩት። «ያኔ ማንኛውም ኮምፒውተር 46 ነኝ እያለ ሰልፍ ይጥሳል» አለኝ። ድምፁን ቀድሞ በሚወጣው ወረፋ አስገባው። ሌላው እንዳይራብ ደግሞ ለዚያ ወረፋም ጣሪያ አበጀለት።

ባክአፑን በሰከንድ በ400 ሜጋቢት ገደበው። እዚህ ላይ አንዴ ስቷል። ሜጋቢቱ ለ8 ሲካፈል ፋይሉ በሰከንድ 50 ሜጋባይት ገደማ መሄድ ነበረበት። ፋይሉ ግን 15 ላይ ይንፏቀቃል። ሌላ ሰው ቢሆን «ገደብ አይደል፣ ይቀንሳላ!» ብሎ በሄደ። ይሄኛው «የኔ ጥፋት ነው» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ለካ እሱ ያስገባው ዓይነት ገደብ ከልክ ያለፈውን ፓኬት አያቆይም፣ ይጥለዋል። ለአፍታ ብቻ እንዲያልፍ የሚፈቀደው ድንገተኛ ጭነት ጠባብ ከሆነ ብዙ ይወድቃል፤ ላኪው ደግሞ ፓኬት በጠፋበት ቁጥር ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያቺን የድንገተኛ ጭነት ቁጥር ከፍ ሲያደርጋት ፍጥነቱ 45 ላይ ተረጋጋ። እኔ ልጁን የወደድኩት እዚህ ጋ ነው።

ሰው ከወጣ በኋላ ቅንብሩን ሴቭ አድርጎ ስዊቹን አጠፋና መልሶ አበራው። ቅንብሩ አልጠፋም። የትኛው ፖርት ላይ ምን እንዳለ በወረቀት ጽፎ የስዊቹ ሳጥን በር ላይ ለጠፈልን። አዲስ ዕቃ አላስገዛንም። ቅሬታ ካላችሁኝ አንድ ነው፤ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት አርፍዷል።

ይኸው ሁለት ወር ሆነው፣ 9 ሰዓት ላይም በሰላም እናወራለን። በጣም አመሰግናለሁ ወንድሜ!

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ስትጠሩት ግን ችግሩ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር መዝግባችሁ ጠብቁት። እኛ ሰዓቱን ባናውቅ ኖሮ ቀኑን ሙሉ ነበር ከስዊቹ ፊት የሚቀመጠው።