አሥር የብርድ ወቅቶች ከጭልፊት ኋላ፦ የጄ. ኤ. ቤከር «ዘ ፔሬግሪን» ሲገመገም

ስለ አዳኝ አእዋፍ በእንግሊዝኛ ከተጻፉ መጻሕፍት መካከል አንዱን ብቻ ገዝቶ ማንበብ የሚፈልግ ሰው ቢያማክረኝ፣ የጄ. ኤ. ቤከርን «ዘ ፔሬግሪን» እንዲወስድ እመክረዋለሁ። ምክሬ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። መጽሐፉ ልብ ወለድ አይደለም፤ የሳይንስ ጥናትም አይደለም፤ ግለ ታሪክ ነው ለማለትም ያስቸግራል፤ ከእነዚህ አንዱን ጠብቆ የከፈተው አንባቢ ብዙ ሳይገፋ ሊዘጋው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1967 ሲታተም የዓመቱን የደፍ ኩፐር የመጻሕፍት ሽልማት አግኝቷል፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ስለ ተፈጥሮ የሚጽፉ እንግሊዛውያን ሥራቸው የሚለካበት መጽሐፍ እንደ ሆነ ቀጥሏል። ጀርመናዊው የፊልም ዳይሬክተር ቨርነር ሄርዞግም የፊልም ሙያ ሊማሩ ለሚመጡ ሰዎች በግድ እንዲያነቧቸው ከሚሰጣቸው ጥቂት ጽሑፎች አንዱ ይኸው ነው።

ጆን አሌክ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1926 በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኤሴክስ ግዛት በምትገኘው በቼልምስፎርድ ከተማ ተወልዶ በ1987 እስኪሞት ድረስ ከዚያ አካባቢ ብዙም ያልራቀ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ከሥነ ጽሑፍ ሰዎች ጋርም አልዋለም። ለረጅም ጊዜ የሠራው የባለመኪናዎችን ጉዳይ በሚከታተል ማኅበር ቅርንጫፍ ውስጥ ሲሆን፣ እርሱ ራሱ ግን መኪና አይነዳም ነበር። ዓይኑ ሩቅ ማየት ይቸግረዋል፤ መገጣጠሚያዎቹን የያዘው የቁርጥማት በሽታም ከዓመት ወደ ዓመት ይብስበት ነበር። ይህ ሰው ነው እንግዲህ በብስክሌት እየዞረ፣ ባይኖኩላሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በሰማይ ላይ ከሁሉ የሚፈጥነውን ወፍ፣ ፔሬግሪን የተባለውን ጭልፊት፣ አሥር የብርድ ወቅት ሙሉ የተከታተለው።

የመጽሐፉ አወቃቀር ቀላል ነው። በመጀመሪያ ስለ አካባቢው አጭር መግቢያ ይመጣል፤ ቀጥሎ ስለ ፔሬግሪን ጭልፊት ባሕርይ አንድ ምዕራፍ አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለው፣ ማለትም አብዛኛው የመጽሐፉ ክፍል፣ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 4 የሚሄድ የቀን ማስታወሻ ነው። ቀኑ ይጻፋል እንጂ ዓመቱ አይጻፍም፤ ምክንያቱም ቤከር የአሥር ዓመታት ማስታወሻውን ቀጥቅጦ ወደ አንድ የብርድ ወቅት አጥፎታል። የቦታዎቹንም ስም አይጠራም። ወንዙ «ወንዙ» ነው፤ መልካው «መልካው» ነው። ካርታ ይዞ ለመከታተል ለሚፈልግ ሰው ይህ ያበሳጫል፤ ለእኔ ግን ከመጽሐፉ ብልሃቶች አንዱ ሆኖ ታይቶኛል፤ ወፉ የሰው ስም ያልተሰጠውን አገር ሲያይ እኛም አብረነው እንድናይ ያደርጋልና።

ዋጋ ያላቸው ገጾች ደራሲው ወደ ዝርዝር የሚወርድባቸው ናቸው። ፔሬግሪን በየቀኑ ገላውን እንደሚታጠብ፣ ለዚህም ጥልቀቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማይበልጥ፣ ከታቹ ጠጠር የሆነ፣ ጥርት ብሎ የሚፈስ ውኃ እንደሚመርጥ ይነግረናል። ይህ ዕውቀት ጌጥ አይደለም፤ ቤከር ወፉን የሚያገኘው እንዲህ ያሉትን የወንዝ ክፍሎች በመጠበቅ ነውና። የአዳኙን ገበታም እንዲሁ በትዕግሥት ይመረምራል። በእነዚያ ዓመታት ያገኛቸውን 619 በፔሬግሪን የተገደሉ አእዋፍ በየዓይነታቸው ቆጥሮ፣ ከመቶ 38 ያህሉ የዱር ርግብ እንደ ነበሩ ጽፏል። ሬሳው ሣር ላይ በምን አኳኋን እንደ ተኛ፣ ላባው በየት በኩል እንደ ተነጨ፣ ከደረት አጥንቱ ጠርዝ ላይ መንቁሩ እንዴት አድርጎ ቁርጥራጭ እንዳነሣ ሲገልጽ፣ አንባቢው ራሱ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ይመስለዋል። ፔሬግሪን በመንቁሩ ላይ እንደ ጥርስ ያለ ጉጥ አለው፤ በእግሩ የያዘውን ወፍ አንገት የሚሰብረው በዚያ ነው። ቤከር ይህን ሲጽፍ አያዝንም፤ አይደሰትምም።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን ወፉን የሚፈልግበት መንገድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቤከር ጭልፊቱን ቀድሞ አያየውም፤ የሚያየው ፍርሃቱን ነው። ከሩቅ እርሻ ላይ ርግቦች በአንድ ጊዜ ግር ብለው ይነሣሉ፤ ከወንዙ አፍ የውኃ ወፎች ይጮኻሉ፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ወደ ላይ ያነሣል። በገጠር ያደገ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ዶሮዋ ድምፅዋን ለውጣ ጫጩቶቿን ከክንፏ ሥር ስትሰበስብ፣ ሰው ጭልፊቱን ከማየቱ በፊት መምጣቱን እንደሚያውቅ ማለት ነው። ቤከር ይህን ተራ ዕውቀት የአጻጻፍ ስልት አድርጎታል፤ ሰማዩን በሌሎች ድንጋጤ ውስጥ ያነብባል፤ እኛንም ቀስ በቀስ እንዲሁ እንድናነብብ ያስለምደናል። ጭልፊቱ ክንፉን አጥፎ ሲወረወር (ፍጥነቱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ ተመዝግቧል) ዐረፍተ ነገሮቹም አብረው ያጥራሉ፤ ግሦቹ ይበዛሉ፤ ቅጽሎቹ ይቀራሉ። ከዚያ ጸጥታው ሲመለስ እንደ ገና ይረዝማሉ። ይህን ለመስማት እንግሊዝኛን ጠንቅቆ ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ አንዳንዱን ገጽ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይበቃል።

መጽሐፉ ለምን እንዲህ የኀዘን ድባብ እንዳለበት ለመረዳት የተጻፈበትን ጊዜ ማስታወስ ያሻል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በብሪታንያ የፔሬግሪን ቁጥር በአስደንጋጭ ፍጥነት ወርዶ ነበር። ገበሬዎች ዘርን ከተባይ ለመከላከል ዲልድሪንና ሌሎች ጸረ ተባይ ኬሚካሎችን ይቀቡት ነበር፤ ርግብ የተቀባውን ዘር ትበላለች፤ ጭልፊት ርግቧን ይበላል፤ መርዙም በመጨረሻው በላተኛ ስብ ውስጥ ይከማቻል። ዲዲቲ ደግሞ የእንቁላሉን ቅርፊት ስለሚያሳሳው፣ እናቲቱ ስትታቀፈው ከሥሯ ይሰበራል። የቅርፊቱን መሳሳት ዴሬክ ራትክሊፍ የተባለው ተመራማሪ በሳይንስ መጽሔት ያሳወቀው የቤከር መጽሐፍ በወጣበት በዚያው በ1967 ነው። ከዚያ ቁጥር ስናስበው፣ ከመቶ 38 የሚሆነው ምግባቸው የዱር ርግብ የነበሩ ጭልፊቶች ምን ይበሉ እንደ ነበር ግልጽ ነው። ቤከር የሚጽፈው ሊጠፋ ነው ብሎ ስላመነበት ወፍ ነበር። ኬሚካሎቹ ከታገዱ በኋላ ፔሬግሪን አንሰራርቶ ዛሬ በለንደን ሕንፃዎችና በካቴድራሎች ማማ ላይ ሳይቀር ይፈለፍላል፤ ይህን የሚያውቅ አንባቢ መጽሐፉን ከደራሲው በተሻለ ተስፋ ሊያነብበው ይችላል።

ስለ መጽሐፉ እውነተኛነት የሚነሣውን ክርክር ሳልጠቅስ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። አንዳንድ የወፍ አዋቂዎች፣ ፔሬግሪን በተመናመነበት በዚያ ዘመን ቤከር ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ሊያይ ቻለ ብለው ጠይቀዋል፤ ኬስትረል ከተባለችው ትንሽ ጭልፊት ጋር አምታትቶ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ ከባለቤቶቻቸው ያመለጡ ለማዳ ጭልፊቶችን አይቶ ይሆናል የሚሉም አሉ። በእኔ አስተያየት ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ደራሲው ራሱ አሥር ዓመትን ወደ አንድ ካጠፈው በኋላ እያንዳንዱን ቀን እንደ ምስክር ቃል መያዝ አይቻልም። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ስለ ወፉ ትምህርት ለመቅሰም ብቻ የሚገዛ ሰው አብሮ አንድ የመስክ መለያ መጽሐፍ ቢገዛ ይሻለዋል። የማየት ጥበብን ለመማር የሚገዛው ግን በዚህ ክርክር የሚጎድልበት ነገር የለም።

ስለ አዳኝ አእዋፍ ከተጻፉ ሌሎች መጻሕፍት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይጎላል። እንግሊዛዊው ደራሲ ቲ. ኤች. ዋይት መምህርነቱን ትቶ በ1930ዎቹ አጋማሽ ጎስሆክ የተባለ አንድ አዳኝ ወፍ ከጀርመን አስመጥቶ በአሮጌ ዘዴ ለማሠልጠን ያደረገው ትግል በ1951 «ዘ ጎስሆክ» በሚል ርእስ ታትሟል፤ ሰውና ወፍ እልህ የተጋቡበት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወፉ የሚያስጨንቅ መጽሐፍ ነው። ሄለን ማክዶናልድ በ2014 ያሳተሙትና የሳሙኤል ጆንሰንን ሽልማት ያገኘው «ኤች ኢዝ ፎር ሆክ» ደግሞ አባታቸው በድንገት ካረፉ በኋላ ሜብል የተባለች ጎስሆክ በማሠልጠን ኀዘናቸውን እንዴት እንደ ተወጡ ይተርካል፤ የዋይትንም ታሪክ መልሰው ይመረምሩበታል። ታሪክ የሚወድ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ጉዞ የሚፈልግ አንባቢ በማክዶናልድ ቢጀምር አይቆጭም። በሁለቱም መጻሕፍት ወፉ ከሰው እጅ ላይ ነው። የቤከር ጭልፊት ግን የማንም አይደለም፤ ስም የለውም፤ ወደ ተጠራበት አይመጣም። ሁሉ የሚሆነው በእርሱ ፈቃድ ሲሆን ሰውዬው የሚችለው በየቀኑ ትንሽ ቀረብ ማለት ብቻ ነው።

ጉድለቶቹ ጥቂት አይደሉም። የመጀመሪያው ድግግሞሽ ነው፤ ጭልፊቱ ይበራል፣ ይታጠባል፣ ያድናል፣ ያርፋል፤ በማግስቱም እንዲሁ። በአንድ ቁጭታ ሃምሳ ገጽ የሚያነብ ሰው በፌብሩዋሪ ወር ላይ ሲደርስ መሰልቸቱ አይቀርም። ሁለተኛው የሰው አለመኖር ነው። ሚስቱ ዶሪን አትታይም፤ ሥራው አይነሣም፤ ሕመሙ አይጠቀስም፤ ሰው በጠቅላላው ገዳይና የሚሸት ፍጡር ሆኖ ይቀርባል። ደራሲው ከጭልፊቱ ጋር አንድ ለመሆን የሚመኘው ምኞት አንዳንድ ቦታ ከልክ ያልፋል፤ ሰውን መጥላት በራሱ ጥልቅ አስተሳሰብ የሆነ ያህል የሚመስልባቸው አንቀጾች አሉ፤ እኔ እነዚያን በጥርጣሬ ነው ያነበብኳቸው። ሦስተኛው ለእኛ አንባቢዎች የተለየ ችግር ነው፤ መጽሐፉ በሰሜን አውሮፓ አእዋፍ ስም የተሞላ በመሆኑ፣ ላፕዊንግ ወይም ፊልድፌር ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ምስሉ ይደበዝዝበታል። ስልክ ላይ የወፎቹን ፎቶግራፍ እየፈለጉ ማንበብ አሰልቺ ቢመስልም በጣም ይረዳል።

ለመግዛት ለሚያስቡ፣ ሃምሳኛ ዓመቱን አስመልክቶ የወጣው እትም ስለ ተፈጥሮ የሚጽፈውን የእንግሊዛዊውን ደራሲ የሮበርት ማክፋርሌንን ድኅረ ቃል ስለያዘ ከቀደሙት ይመረጣል። በቴሌቪዥን የተፈጥሮ ፊልሞች የሚታወቁት ዴቪድ አተንቦሮ ያነበቡት የድምፅ ቅጂም አለ። አተንቦሮ ዝግ ብለው፣ ቃላቱን ሳይቸኩሉ ስለሚያነቡ፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ አድማጭ ከወረቀቱ ይልቅ ይቀልላል፤ ነገር ግን ድምፃቸው ከቴሌቪዥን ጋር የተዋሐደ በመሆኑ፣ የቤከርን ጨለምተኝነት ጥቂት ያለዝበዋል ብዬ አምናለሁ። የሚቻል ከሆነ ሁለቱንም አጣምሮ፣ ማስታወሻውን ከኦክቶበር ጀምሮ በየቀኑ አንድ ዕለት ብቻ እያነበቡ መሄድ የተሻለ ነው፤ አንዳንዱ ዕለት ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ ድግግሞሹም በዚህ አካሄድ ብዙ አይሰማም።