በጨዋታ ቀን ወደ ናሽናልስ ፓርክ፦ መኪናን አጠገቡ ማቆም ወይስ ባቡር?

በዋሽንግተን ዲሲ ደቡብ ምሥራቅ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ይህ የቤዝቦል ስታዲየም 41 ሺህ ገደማ ተመልካች ስለሚይዝ፣ በጨዋታ ቀን በአካባቢው መኪና ማቆም ፈተና ነው። በአቅራቢያው ባሉት የማቆሚያ ሕንፃዎች ቦታ አስቀድሞ መያዝ ለአረጋውያንና ሕፃናት ለያዙ ቤተሰቦች ይመቻል፤ ሆኖም ዋጋው ይንራል፣ ከጨዋታው በኋላ ለመውጣት መሰለፉም ትዕግሥት ይጠይቃል። መንገድ ዳር የሚያቆም ደግሞ ቦታው ለነዋሪዎች ብቻ መሆኑን የሚገልጸውን ምልክት ሳያነብ ከሄደ፣ ሲመለስ መስታወቱ ላይ የቅጣት ወረቀት ሊጠብቀው ይችላል።

በአንጻሩ መኪናን በሜትሮ አረንጓዴ መስመር ጫፎች ላይ በሚገኙት በግሪንቤልት ወይም በብራንች አቬኑ ጣቢያ አቁሞ፣ ቅዳሜና እሁድ ማቆሚያው ነፃ ስለሆነ ለባቡሩ ብቻ ከፍሎ፣ ኔቪ ያርድ መውረድ ይቻላል፤ ከዚያ እስከ ስታዲየሙ በር ያለው የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ጣቢያው ውስጥ መጋፋት አለ፤ ቢሆንም እኔ ባቡሩን እመርጣለሁ።