ማሄን በአንድ ቀን ከአስጎብኚ ጋር

ሲሼልስ ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ የሚደረስባት አገር ብትሆንም፣ አብዛኛው ተጓዥ ከባሕር ዳርቻዋ ሌላ ሳያውቅላት ይመለሳል። እኔና ባለቤቴ እንዲህ እንዳይሆንብን ከአምስት ቀን ቆይታችን አንዱን ለይተን፣ በዋናው ደሴት በማሄ የሚሠራ አንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ቀጠርን። ይህ አስተያየት ስለዚያ ቀን አገልግሎት ነው።

አጀማመሩ አላማረም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሊወስደን የነበረው ሚኒባስ አንድ ሰዓት ሙሉ ዘገየ፤ ከቢሮ ደውሎ ይቅርታ የጠየቀን ሰውም አልነበረም። ቅሬታችንን ያስረሱን በዕድሜ የገፉት አስጎብኚያችን ናቸው። ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ ገብተን ትንሿ የሰዓት ማማ ሥር እንደቆምን አገራቸውን በሁለት ቁጥር አስረዱን፦ 115ቱ ደሴቶች ተደምረው 455 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆኑ፣ የባሕር ክልላቸው ግን ከ1.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በእኛ ልክ ሲታይ የብሷ ከአዲስ አበባ ያነሰ፣ ባሕሯ ከኢትዮጵያ የሰፋ አገር ማለት ነው። መቶ ሺህ ገደማ ሕዝብ ባላት አገር፣ ወደቡ ላይ ያለው የቱና ማሸጊያ ፋብሪካ ለምን ከትልልቆቹ ቀጣሪዎች አንዱ እንደሆነ ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገንም።

የጉብኝቱ ምርጥ ክፍል በሳን ሱሲ መንገድ ወደ ተራራው ስንወጣ ያየነው ነው። አስጎብኚያችን መኪናውን ከመንገድ ዳር አስቁመው አንድ ቅጠል ቀጠፉና በጣታቸው አሽተው ለባለቤቴ ሰጧት፤ ቀረፋ ነበር። ፈረንሳዮች ለቅመም ንግድ ብለው ያመጡት ተክል ዛሬ ተራራውን ሁሉ እንደ አረም ወርሶታል። ከአውሮፕላን ማረፊያው በፊት፣ ማለትም እስከ እ.ኤ.አ. 1971 ድረስ፣ አገሪቱ የምትኖረው በዚሁ ቀረፋና ኮፕራ በሚባለው የደረቀ የኮኮናት ሥጋ ነበር፤ ቱሪዝም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከፍ ብሎ ቬንስ ታውን የተባለው ፍርስራሽ ይገኛል። ማሄ ነባር ሕዝብ አልነበራትም፤ ከ1770 ጀምሮ የሰፈሩት ፈረንሳዮችና በግድ ያመጧቸው አፍሪካውያን ባሮች ናቸው የዛሬውን የክሪዮል ሕዝብ መሠረት የጣሉት። ደሴቶቹ በ1814 ለእንግሊዝ ተላለፉ፤ ባርነትም በ1835 ቀረ። በኋላም የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከዐረብ ባሪያ ነጋዴዎች ጀልባ ላይ ያስጣላቸውን ሰዎች እዚህ ያራግፍ ስለነበር፣ ለልጆቻቸው በ1876 በዚህ ቦታ የሚስዮን ትምህርት ቤት ተከፈተ። አሁን የቀረው ሽበት ያበቀለ የድንጋይ ግንብ ነው። አስጎብኚያችን እዚያ ሲደርሱ ንግግራቸውን አቁመው ለብቻችን እንድንዞር ተዉን፤ ይህን የሚያውቅ አስጎብኚ ብዙ አይገኝም። ስለ ነፃነት ቀን፣ ስለ እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 1976፣ በደስታ ያወሩት እኚህ ሰው፣ በዓመቱ ስለተካሄደው መፈንቅለ መንግሥት ስጠይቃቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ባጭሩ አለፉት።

ከሰዓት በኋላ አገልግሎቱ ወረደ። ማስታወቂያው «የክሪዮል ምሳ» ቢልም የቀረበልን ዶሮ በድንች ጥብስ ነበር። በኮኮናት ወተት የተሠራውን የኦክቶፐስ ወጥ ለመቅመስ ከኪሳችን ጨመርን፤ ወጡ ግሩም ነበር፣ ሒሳቡ ግን አብዛኛው ምግብ ከውጭ የሚገባበት አገር ሒሳብ ነው። ቀጥሎም ማንም ያልጠየቀው የማስታወሻ ዕቃ ሱቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። የሚሸጠው በተለይ ኮኮ ደ ሜር ነው፤ በተፈጥሮ በፕራስሊንና በኩሪየዝ ደሴቶች ብቻ የሚበቅል፣ ከ20 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል፣ በዓለም ትልቁ የተክል ዘር። እኚያ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የመንግሥት ማረጋገጫ ወረቀት የሌለውን እንዳትገዛ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይወስዱብሃል» አሉኝ። ባለ ሱቁ ሰምቶ ከሆነ አልወደደውም።

ዋጋው ለሁለት ሰው ከአንድ ሌሊት ማረፊያችን በለጠ። ባሕር ዳርቻ ለማየት ብቻ ከሆነ ይህን ያህል ገንዘብ አይከፈልም፤ የሕዝብ አውቶቡስ በጥቂት ሩፒ ቦ ቫሎን እስከሚባለው የባሕር ዳርቻ ድረስ ያደርሳል። ታሪኩን ለሚፈልግ ግን የግማሽ ቀኑን ጉብኝት እመክራለሁ፤ እሱ ከምሳ በፊት ያልቃል። ተራራው ላይ ጉምና ዝናብ ስለማይጠፋ ሹራብ መያዝ ይበጃል።