ከደላንታ ሐይቅ ደርሶ መልስ፦ ለተማሪዎቻችን ጉዞ የተከራየነው ቅጥቅጥ

ለትምህርት ቤት ጉዞ መኪና ልትከራዩ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። በተለይ ብሩን ከሰው ለምናችሁ የምታገኙት ከሆነ። እኛ የተከራየነው ቅጥቅጥ አይሱዙ ነው። ለሁለት ቀን፣ ከደላንታ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ይስማ ንጉሥ፣ ከዚያ መልስ። ባለቤቱም ሹፌሩም አንድ ሰው ነው። ስሙን ስላላስፈቀድኩት አልጽፍም፤ ስለ ሥራው ግን ያየሁትን ልንገራችሁ።

ትምህርት ቤታችን ከወገልጤና በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። መኪና አይገባም። ስምንተኛ ክፍል 26 ልጆች አሉን። ከ26ቱ ደሴን የሚያውቋት አራቱ ብቻ ናቸው፤ ከአራቱም ሦስቱ ያዩዋት ታመው ሆስፒታል ሲሄዱ ነው። ስለ ሐይቅ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ክብ እስላለሁ፣ እነሱም ደብተራቸው ላይ ክብ ይስላሉ፣ ትምህርቱ በዚያ ያልቃል። እውነተኛው ሐይቅ እዚሁ ወሎ ውስጥ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ይህ ነገር ለዓመታት ሲያንገበግበኝ ኖሯል።

ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ተመካክረን ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመርን። በቴሌግራም «ለተማሪዎቻችን ጉዞ ድጋፍ አድርጉልን» ብለን ለምናውቀው ሁሉ ላክን። በሦስት ሳምንት የገባው 2,350 ብር ነው። ሰው ሰስቶ አይደለም። ስንት እንደሚያስፈልግና ምን ላይ እንደሚውል እኛ ራሳችን አላወቅንም፣ እሱ ከየት ያውቀዋል?

በዚህ መሀል አንድ ደላላ ተገኘ። «መምህር አብሽር፣ መኪናው በእጄ ነው» አለኝ። 45 ሺህ ብሎ 40 ላይ ተስማማንና 5 ሺህ ብር ቀብድ ጠየቀ። በተሰበሰበው ላይ መምህራን ከደመወዛችን ጨምረን ሰጠነው። ጉዞው አራት ቀን ሲቀረው ደውሎ «ነዳጁ እኮ በእናንተ ነው» አለ። ውል የለን፣ ደረሰኝ የለን፣ ምን ብለን እንሟገት? ስንት ተመላልሰን 3 ሺውን መለሰ። 2 ሺው ቀለጠ። ከዚያ ውስጥ እናቶች እንቁላል ሸጠው ያመጡት ብር ነበረበት። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ይኼኛውን ሹፌር ያገናኘን ወገልጤና ያለ ባለሱቅ ነው። 39 ሺህ አለ። ስንከራከረው አልወረደም፣ ግን ነዳጁ፣ የሱና የረዳቱ ምግብና አልጋ ሁሉ በዚያው ውስጥ እንደሆነ ራሱ ተናገረ። «ወረቀት ላይ እናስፍረው» ያለውም እሱ ነው። መንጃ ፈቃዱን፣ ሊብሬውን፣ የሦስተኛ ወገን መድኑን አሳየን፣ ቦሎው መለጠፉን አየን። የት የት እንደምንቆም ሳይቀር ጻፍን። ቀብዱን የከፈልነው ከፈረመልን በኋላ ነው።

ነገሩን ሁሉ የቀየረው ይህ ወረቀት ነው። የሒሳብ መምህራችን 39 ሺውን ለ26 አካፈለችው፤ 1,500 ብር መጣ። «ከእንግዲህ ድጋፍ አድርጉ አንበል፤ ለአንድ ልጅ ወንበር ያዙ እንበል» አለች። ካርቶን ላይ 26 ሣጥን ሠርታ ቁጥር ሰጠቻቸው። ውሉን ስልክ ቁጥሩን ሸፍነን ፎቶ አነሳነውና ከካርቶኑ ፎቶ ጋር ላክነው። አንድ ወንበር በተያዘ ቁጥር ሣጥኑን በአረንጓዴ ቀለም ትሞላና እንደገና ፎቶውን እንልካለን። በ11 ቀን ሞላ! ብሩ የሚገባው በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ነው፣ በሦስት ሰው ፊርማ ካልሆነ አይወጣም፤ ይህንንም ጽፈን ነበር።

ደላንታ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ እንደሚወጣባት ታውቃላችሁ። ገደል ለገደል ሲቆፍሩ የሚውሉ አምስት ወጣቶች ተዋጥተው ሁለት ወንበር ያዙ። ደሴ የሚሠራ አንድ ልብስ ሰፊ ግማሽ ወንበር ያዘ፣ ግማሹን ሚስቱ ሞላችው። ብዙዎቹ ግን ዐረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ናቸው። አንዷ ከሪያድ በድምፅ መልእክት «ጋሼ፣ ሰባት ቁጥርን ያዝልኝ» አለችኝ። እኔው ነኝ ያስተማርኳት። ከሰባተኛ ክፍል ነው አቋርጣ የሄደችው። ወላጆች ደግሞ ዳቦ ጋገሩ፣ ቆሎ ቆሉ፣ በሶ አዘጋጁ።

ወደ መኪናው ልመለስ። ቀጠሯችን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር፣ 9:40 ላይ መብራቱ ታየን። ልጆቹ ማታውኑ ወርደው ወገልጤና ዘመድ ቤት አድረዋል። ከመነሳታችን በፊት ሹፌሩ ትርፍ ጎማውን አሳየኝ። ሳልጠይቀው ነው። ቁልቁለቱ ላይ በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ ወረደ፤ ኋላ የመጣ መኪና ጥሩንባ ቢነፋበትም ዳር ይዞ አሳለፈው እንጂ አልተፎካከረም። 26 ልጅ ጭኖ ስለሚሄድ ሰው ከዚህ በላይ ምን ልበል? ልጆቹ ደግሞ መኪና አልለመዱም፣ ኩታበር ሳንደርስ 11ዱ አስመለሳቸው። እሱ ፌስታልና ሎሚ ይዞ መጥቷል። «ልጄ፣ ሎሚውን አሽትቺ፣ ወደ ፊት ወደ ፊት እዪ» እያለ ሁለት ጊዜ አቁሞ አናፈሳቸው። አንድም ጊዜ ፊቱን አላጠቆረም።

ጉድለቱንም ልናገር። የኋላው መስኮት አይከፈትም፣ ኋላ የተቀመጡት ታፍነዋል። በሩ አቧራ ያስገባል። ሞተሩ አጠገብ ያለው ወንበር ይፋጃል፣ እዚያ መምህራን እየተፈራረቅን ተቀመጥን። ዋናው ደግሞ ፖርቶመጋላው ላይ ያለው ሸራ ቀዳዳ ነው። መንገድ ላይ የበልግ ዝናብ ያዘንና ግማሹ ዳቦ ራሰ። እናቶች ሌሊቱን ሙሉ የጋገሩት ዳቦ ነው፣ በጣም አዘንኩ። ሸራውን ቀድሞ ማየት ነበረብን። እናንተ እዩ። ምሳም በየሆቴሉ እንዳንቆም ውሉ ላይ ጽፈን ነበር፤ ሹፌር ተሳፋሪውን ወደ ደንበኛው ሆቴል መውሰዱ የተለመደ ነው፤ እሱ ግን ከልጆቹ ጋር በሶ በጥብጦ ጠጣ።

ደሴ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ አየን። አንድ ልጅ «ለምን አይጠየፍ ተባለ?» አለ። ደሃ ሀብታም ሳይለይ፣ ማንም ሳይጠየፍ የሚበላበት የግብር አዳራሽ ስለነበረ ነው አልኩት። ማታ አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ለቅቆልን አደርን።

በማግስቱ ሐይቅ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ሲታይ መኪናው ውስጥ ድምፅ ጠፋ፣ ከዚያ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተንጋጋ፣ ረዳቱ «ተቀመጡ!» እስኪል ድረስ። ዳር ስንደርስ አንዷ ልጅ ጫማዋን አውልቃ ቁጢጥ አለች። መዳፏን ውሃው ላይ አስተኝታ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየች። «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ አይፈስም?» አለችኝ። አራት ዓመት ክብ የሣልኩላት ልጅ ናት። ስለ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ስለመሠረቱት ትምህርት ከዳር ሆነን ነገርናቸው። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም፣ ልጆቹን ከሁለት መክፈል ደግሞ አልፈለግንም።

የውጫሌ ውል በተፈረመበት ቦታ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ ስለ ውሉ አስተማርኩ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣሊያው ኮንት አንቶኔሊ የተዋዋሉት። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣሊያ በኩል ቢፈልጉ ይችላሉ ይላል፤ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል። ከዚያ ነገሩ አድዋ ደረሰ። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር የሚያንቀላፋ አለ። እዚያ ሜዳ ላይ ግን አንዱ ልጅ «እኛም እኮ ለመኪናው ተዋውለናል» አለና ውሉን እንዳሳየው ጠየቀኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ዙሪያውን ከበው መስመር በመስመር አነበቡት።

ስንመለስ በእኛ ምክንያት ሁለት ሰዓት አርፍደናል። ሹፌሩ ተጨማሪ አምስት ሳንቲም አልጠየቀም። ለከርሞም እሱኑ ነው የምንይዘው፣ ሸራውን ካስጠገነ። ዋጋው ርካሽ አይደለም። የተባለው ዋጋ ግን የተባለው ሆኖ ይቀራል፣ በሰው ብር ለሚጓዝ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ለያዙት ሁሉ የየወንበራቸውን ፎቶ ላክን። ሰባት ቁጥር ላይ የተቀመጠችው ያቺው ውሃውን የዳሰሰችው ልጅ ናት። የሪያዷ እህታችን ፎቶውን አይታ ማታውን ደወለች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ጋሼ፣ በመስኮት በኩል ናት?» ብላ ነው። አዎ፣ በመስኮት በኩል ናት አልኳት።